የሀሚዱ ቤት ሰዎች

ሐይቅ፣ ጥር 22 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለሂንድ፣

አሰላሙ ዓለይኪ ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። እንዴት ከርመሻል? ወገብሽስ ተሻለሽ? አሠሪዎችሽስ አሁን ስልክ ይፈቅዱልሻል ወይስ እንደ ድሮው ልብስ ማጠቢያው ክፍል ገብተሽ ነው የምታነቢው? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። እናቴም አለች፤ ሳሏ ግን አልለቀቃትም።

ለዘገየሁበት አፉ በይኝ። በስልክ ስትጠይቂኝ ኔትወርክ ተቆራረጠ እያልኩ ብዘጋብሽ፣ «በእጅህ ጻፈውና ፎቶ አንስተህ ላክልኝ፤ ወረቀት ላይ ኔትወርክ አይጠፋም» ካልሽኝ ሦስት ሳምንት አለፈ። ሰባት ዓመት ጥቁር ሰሌዳ ፊት የቆምኩ አስተማሪ ነኝ። ለጎረቤቴ ልጅ፣ ያውም አብራኝ ላደገች ልጅ፣ ሁለት ገጽ መጻፍ እንዲህ ያስጨንቀኛል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

ስለ ቤታችሁ የጠየቅሽኝን ልመልስልሽ። እናትሽ እቴቴ ዑምኩልሱም ከደሴ በታኅሣሥ ተመልሰዋል፤ ደህና ናቸው። ጣሪያው አልተነካም። በሩን ግን ከነመቃኑ ነቅለው ወስደውታል። እኔና ዓሣ አስጋሪው ሙዘይን ሆነን በቆርቆሮ ሌላ በር ሠርተን ገጠምንላቸው፤ ማጠፊያውን ከድሮው ትምህርት ቤት መስኮት ነቅለን ነው ያገኘነው፤ ትንሽ ይንቋቋል እንጂ ይዘጋል። ላሟ የለችም። የእቴቴ ስልክም ቤት እንደቀረ ጠፋ፤ አሁን የምትደውይላቸው በሙዘይን ሚስት ስልክ ነው። በግድግዳ የሚጎራበታችሁ የአያ ሀሚዱ ቪዲዮ ቤትም ባዶውን ቆሟል። ቴሌቪዥኑም ጄኔሬተሩም ሄዷል፤ አግዳሚዎቹን አንድደዋቸዋል። እሳቸው ግን ደህና ናቸው፤ በረንዳው ላይ ሽንኩርት ይሸጣሉ።

ስለ ኑርዬ። ወንድምሽን ለመጨረሻ ጊዜ ያየሁት ሐይቁ ዳር ነው። ጥቅምት 19 ቀን ጠዋት፣ ጦርነቱ ደርሶ ከተማው ሁሉ ወደ ደሴ ሲወጣ፣ እሱ በሸምበቆው በኩል ወደ ጀልባዎቹ ሲወርድ አየሁት። ጠራሁት፤ አልሰማኝም። እኔም እናቴን ይዤ ስለነበር መንገዴን ቀጠልኩ። ለእቴቴም የነገርኳቸው ይህንኑ ነው። ከዚህ በላይ የማውቀው የለም።

ዱዓ አድርጊ። እኛም እያደረግን ነው።

ባድሩ


ሻርጃ፣ የካቲት 9 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለባድሩ፣

ወዓለይከ ሰላም ወራህመቱላህ። ደብዳቤህ ደረሰኝ። አዎ፣ አሁንም ልብስ ማጠቢያው ክፍል ነኝ፤ ማሽኑ ሲንጫጫ ማንም አይሰማኝም። በሩን እንደገጠማችሁ ሳነብ አለቀስኩ፤ አላህ ይስጥልኝ። ደግሜ ሳነበው ግን ተናደድኩ። የበሩን ማጠፊያ ሳይቀር ከየት እንዳመጣችሁት ነገርከኝ፤ ስለ ወንድሜ የጻፍከው ስድስት መስመር ነው። ደግሞስ ኑርዬ ወደ ጀልባ? ኑርዬ ውኃ እንደሚፈራ ከእኔ ይበልጥ አንተ ታውቃለህ። እግሩን እንኳ ሳይነክር ያደገ ልጅ ነው። ጭንቅ ሲመጣ ሰው የማያደርገው ነገር የለም ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

የአያ ሀሚዱን ድምፅ ቲክቶክ ላይ ያወጣሽው አንቺ ነሽ ወይ ብለህ ላክህብኝ። አዎ፣ እኔ ነኝ። ከኋላው የሚሰማው የቆርቆሮ ኳኳታ እኮ የእኛ ጓሮ ነው፤ ሌላ ማን ሊሆን ነበር?

ስመጣ አንተና ኑርዬ የሰጣችሁኝ ሚሞሪ ካርድ እስካሁን አለኝ። አሥራ አንድ ፊልም፣ ሁሉም ድምፅ ብቻ። ለእኔ ድሮም ድምፅ ብቻ ነበር። ሴት ልጅ ቪዲዮ ቤት አትገባም፤ እኔ ጓሯችን ውስጥ ቆርቆሮው ላይ ጆሮዬን ለጥፌ እሰማለሁ፣ እናንተ ስትወጡ ሥዕሉን ትነግሩኛላችሁ። የህንድ ፊልም መሆኑን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። አያ ሀሚዱ ሲተረጉሙት ልጁ የውጫሌ ልጅ ነው፣ ክፉው አጎት የቢስቲማ ነጋዴ ነው፣ ባቡሩም ምንጊዜም ወደ ወልድያ ነው የሚሄደው። አንዲት የህንድ ቃል እንደማያውቁ ሁላችንም እናውቅ ነበር። እዚህ ህንዶች ጎረቤቶች አሉኝ፤ ያንን የሁለት ወንድማማቾች ፊልም እውነተኛ ታሪኩን ነገሩኝ። ወላሂ የአያ ሀሚዱ ይበልጣል።

መብራት ሲጠፋ ሌላ ቪዲዮ ቤት ሰው እያጉረመረመ ይወጣል። የእሳቸው ቤት ግን በጨለማው ውስጥ «ሰው አለ?» ይላሉ፤ እናንተ «አለን፣ ይቀጥል» ትላላችሁ፤ እሳቸውም ሥዕል የሌለውን ፊልም ይቀጥላሉ። እኔም ከቆርቆሮው ማዶ ቀስ ብዬ «አለን» እል ነበር። በኋላ መንገድ ላይ ስትገናኙ አንዱ «ሰው አለ?» ሲል ሌላው «አለን» ማለት ጀመራችሁ። ሃያ ሰው ብትሆኑ ነው። የቀረው የሐይቅ ሰው ሥራ ፈቶች ይላችሁ ነበር።

እና አሰብኩ። ኑርዬ ካለ፣ የትም ይሁን፣ ታሞ ተኝቶም ቢሆን፣ ይችን ድምፅ ከሰማ ይመልሳል። ፎቶውን እንዳልለጥፍ ጊዜው ክፉ ነው፤ ማን ምን እንደሚያደርግበት አላውቅም። ስለዚህ ድምፁን ብቻ አወጣሁ። ከሥሩ «የሀሚዱ ቤት ሰዎች የት ናችሁ?» ብዬ ጻፍኩ።

መጀመሪያ ሰባት ሰው መለሰ። ሰባቱንም አወቅኋቸው፤ ጁማ ነበረበት፣ ኩዌት ያለው ሐቢብም ነበረበት። ሳምንት ሳይሞላ ግን አርባ ሺህ ሆነ። ሐይቅን በካርታ የማያውቁ ሰዎች ከሐዋሳ፣ ከጎንደር፣ ከአዲስ አበባ እየሳቁ «አለን፣ ይቀጥል» ይላሉ። እኔ እያንዳንዱን ከፍቼ አያለሁ፤ ምናልባት ይኼኛው ኑርዬ ነው እያልኩ። እስካሁን አይደለም።

አንተም የለህበትም። ከሰባቱ የመጀመሪያው አንተ ትሆናለህ ብዬ ነበር የጠበቅሁት። ለምንድን ነው ዝም ያልከው?

ሂንድ


ሐይቅ፣ መጋቢት 14 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለሂንድ፣

አሰላሙ ዓለይኪ። እንኳን ለረመዳን ዋዜማ አደረሰሽ። ለምን ዝም አልክ ላልሽኝ፣ አስተማሪ ቲክቶክ ላይ መለፍለፉ አያምርበትም ብዬ ነው። ይኸው መልሴ። ደካማ መልስ መሆኑን ስጽፈውም አይቼዋለሁ፤ ግን ሌላ የለኝም።

እዚህ የሆነውን ብታዪ ትስቂ ነበር። ትምህርት ከተከፈተ በኋላ ስምንተኛ ክፍል ገብቼ ስም ልጠራ ስል ከኋላ አንዱ «ሰው አለ?» አለ። ስልሳ ሦስት ልጅ በአንድ አፍ «አለን፣ ይቀጥል!» ብሎ ክፍሉን አናወጠው። ጠመኔው ከእጄ ወደቀ። የሚገርምሽ ርእሰ መምህሩ ነው። ያ ሥራ ስጀምር ቢሮው ጠርቶ «መምህር ቪዲዮ ቤት ታየ ሲባል እንዳልሰማ» ብሎ ያስጠነቀቀኝ ሰውዬ፣ አሁን ስብሰባ ሲከፍት «ሰው አለ?» ይላል፤ መምህራኑ እየሳቁ ይመልሱለታል። ባጃጆቹ ከኋላቸው ጽፈውታል። አያ ሀሚዱ ሽንኩርት ሲሸጡ ፎቶ የሚነሳው ሰው ከሚገዛው በለጠ። ለሰርግ ጠሯቸው፣ ከደሴም መጥተው ቀረጿቸው። በዚህ ሁሉ መሀል እኔን ባዩ ቁጥር የሚሉኝ አንድ ነገር ነው፤ «ኑርዬስ? ምንም አልተሰማ?»

ባለፈው ደሴ ለሥራ ሄጄ ነበር። ፒያሳ ላይ ጁማን ከረባት ካሰረ አንድ የባንክ ሠራተኛ ጋር አስፋልቱ መሀል ተቃቅፈው አየኋቸው። ለካ ሰውየው ድሮ ሐይቅ ዘመድ ጋ ክረምት ክረምት እየመጣ የሀሚዱ ቤት ልጅ ነበር፤ አሥር ዓመት ሙሉ ለማንም አልተናገረም። አሁን ሰው እያየው፣ መኪና ጡሩምባ እየነፋበት፣ «አለን፣ አለን» እያለ የጁማን ትከሻ ይስማል። ጁማ አየኝና ጠራኝ። እኔ ፋርማሲ ገባሁ። የማልፈልገውን የራስ ምታት ክኒን ገዝቼ ወጣሁ።

ስለ ሐይቁ ፍለጋ በመልእክት ጠይቀሽኛል። ሙዘይንና ጓደኞቹ በየሳምንቱ ሰኞ ዓሣውን ትተው መረባቸውን ለኑርዬ ይጥላሉ። «ያየህበትን ቦታ አሳየን» ብለውኝ አብሬያቸው ወረድኩ። እጄን ዘርግቼ አሳየኋቸው። እቴቴ ዳሩ ላይ ድንጋይ ላይ ይቀመጣሉ፤ መረቡ ሲወጣ ይነሳሉ፣ ባዶ መሆኑን ሲያዩ ተመልሰው ይቀመጣሉ። ዓሣ መብላት ትተዋል።

አንድ ነገር ልለምንሽ። ያንን ድምፅ ብታወርጂው? ሰው መቀለጃ አደረገው። የአንቺም ልብ ይደክማል።

ባድሩ


ሻርጃ፣ ሚያዝያ 3 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለባድሩ፣

ረመዳን ከሪም። አውርጂው አልከኝ። ብሞክርም አልችልም፤ በሺህ ሰው ስልክ ላይ ነው። ደግሞ ሰው ስለሳቀ ልቤ አይደክምም። እኔ በሳቁ መሀል አንድ ሰው እስኪመልስልኝ ነው የምጠብቀው። አንተ ግን ፋርማሲ ገባሁ ያልከኝ ገርሞኛል። ጁማ ደውሎልኝ ነበር፤ «ባድሩ አይቶኝ ሸሸኝ፤ ምን በደልኩት?» አለኝ። ምን ልበለው?

አሁን የምጽፍልህ ለሌላ ነገር ነው። እናቴ ትናንት ደወለች። ድምፅዋ የእሷ አይመስልም። ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው ስድስት ወር ሊሞላው ነው፣ ይብቃ ብለዋል። ከዒድ በኋላ ባለው የመጀመሪያ ጁምዓ ሶላተል ጋኢብ ይሰገድለታል፤ አስከሬኑ ላልተገኘ ሰው የሚሰገደው ሶላት። ሼህ ዘይኑልአቢዲን ግን በወሬ አልሰግድም፣ መሞቱን የሚያስረዳ ሰው ይቅረብ ብለዋል። እናቴ የአንተን ስም ሰጠች። «አስተማሪው ወደ ውኃው ሲወርድ አይቶታል» አለች። ሌላ ያየው ሰው የለም። ስለዚህ ሽማግሌዎቹ ፊት ቀርበህ ቃልህን ትሰጣለህ፤ በአንተ ቃል ይሰገዳል።

ከተሰገደለት በኋላ እኔ መፈለጌን አቆማለሁ። ሰው ቀብሮ መልሶ መጥራት አይቻልም። እናቴም ዳሩ ላይ መቀመጧን ትተዋለች፣ ልብሱን ለሚስኪን ትሰጣለች፣ ነገሩ ያልቃል። ካለ ደግሞ፣ አንድ ቦታ በሕይወት ካለ፣ ከዚያን ቀን ወዲያ የሚፈልገው ሰው አይኖርም።

ስለዚህ አንዴ ልጠይቅህ፤ ሁለተኛ አልጠይቅህም። ጾመኛ ነህ፣ እኔም ጾመኛ ነኝ። ባድሩ፣ ወንድሜን ሐይቁ ዳር አይተኸዋል?

ሂንድ


ሐይቅ፣ ሚያዝያ 12 ቀን 2014 ዓ.ም.

ሂንድ፣

አላየሁትም።

ሰላምታ ጽፌ ሦስት ጊዜ ቀደድኩት፤ አላምርብህ አለኝ። እንዲሁ ልንገርሽ።

ኑርዬን ያየሁት በማግስቱ፣ ጥቅምት 20፣ ከኮምቦልቻ ወዲያ አንድ ኬላ ላይ ነው። እኛ የሹፌሩ የአራጋው ኢሱዙ ላይ ተጭነን ነበር፤ እናቴ ጭኔ ላይ ተደግፋ፣ አጠገቤ ርእሰ መምህሩና ቤተሰቡ። መኪናው ሁሉ ቆሞ ሰው ይፈተሽ ነበር። ጠባቂዎቹ ልጆች ናቸው፤ እነሱም ሳይተኙ የሰነበቱ፣ እነሱም የፈሩ። ወንድምሽ በእግሩ መጥቶ ታች ቆሟል። መታወቂያው ድሮ ረዳት ሆኖ የሚሠራበት የጭነት መኪና ባለቤት ጋ እንደቀረ ታውቂያለሽ። ስልኩን ሲያዩት በመቀሌ መንገድ ሲሠራ ያወቃቸው ሰዎች ስም ሁሉ አለበት። «ይሄ ሰርጎ ገብ ነው» አሉ። እሱ የሐይቅ ልጅ ነኝ አለ። «እንግዲያው የሚያውቅህ ሰው ይመስክርልህ» አሉት። ሌላውንም ሰው ሲለቁት የነበረው እንዲሁ ነው፤ አንድ ሰው «አውቀዋለሁ» ሲል ያልፋል።

ኑርዬ ቀና ብሎ መኪናዎቹን አየ። እኔን አላየኝም፤ ሸራው ሥር ነበርኩ። ከዚያ እጁን አፉ ላይ አድርጎ «ሰው አለ?» ብሎ ተጣራ።

ሰዉ ሳቀ። ያኔ ማን ያውቃታል? የጨነቀው ሰው ቀልድ መሰላቸው። ሂንድ፣ እዚህ ላይ ልዋሽሽ እችል ነበር። ፈራሁ ልልሽ፣ እናቴ እጄን ያዘችኝ ልልሽ፣ መኪናው ተነሳ ልልሽ እችል ነበር። መፍራቱንም ፈርቻለሁ፤ ግን እሱ በኋላ ነው የመጣው። መጀመሪያ የመጣው እፍረት ነው። ርእሰ መምህሩ አጠገቤ ነበር። ከመኪና ላይ ቆሜ «አለን» ብዬ ብጮህ ያ ሁሉ ሰው ዞሮ ያየኛል፣ ይስቅብኛል፣ አስተማሪው ቪዲዮ ቤት ያደገ ሥራ ፈት መሆኑ ይታወቃል ብዬ ነው አፌ የተያዘው። ከዚያ በፊትም፣ በደህናው ጊዜ፣ ደሴ ላይ ወንድምሽ ከማዶ ሲጠራኝ ያልሰማሁ መስዬ ሁለት ጊዜ አልፌዋለሁ። የለመድኩትን ነው ያደረግሁት።

ሁለተኛ ጠራ። አሁን ማንም አልሳቀም። ልመልስ ብዬ አፌን ከፍቻለሁ፤ ወላሂ ከፍቻለሁ። ያን ጊዜ ነው ፍርሃቱ የመጣው፤ ቅድም ለምን ዝም አልክ፣ አንተስ ማን ነህ ይሉኛል ብዬ። ሦስተኛ አልጠራም።

ነጭ ፒክአፕ ላይ አወጡት። አንዱ ጠባቂ «መጋዘኑ ጋ አድርሱት» ሲል ሰማሁ፤ መኪናው በስተቀኝ ወደ ኮረኮንቹ ታጠፈ። ርእሰ መምህሩ «ምስኪን፣ ሰው የለውም» አለ። እኔም «አዎ» አልኩ።

ስንመለስ እቴቴ መጡ። እግራቸው አቧራ ለብሶ፣ ሳይቀመጡ፣ «ልጄን አይተኸዋል?» አሉኝ። አላየሁትም ማለት አቃተኝ፣ አይቼዋለሁና። ያየሁበትን ቦታ ብቻ ቀየርኩት። ሐይቁ ማንንም አያስጠይቅም ብዬ ነው። ከዚያ ሙዘይን መረቡን ይዞ መጣ፤ እኔም ያላየሁትን ቦታ በጣቴ አሳየሁ። መረቡ ባዶ በወጣ ቁጥር በልቤ አልሐምዱሊላህ እላለሁ፤ እናትሽ ደግሞ አጠገቤ ያለቅሳሉ። አንቺ አርባ ሺህ ሰው እየከፈትሽ ስታዪ እኔ ድምፁን አውርጂው አልኩሽ።

በሕይወት ይኑር አይኑር አላውቅም። መንገዱን ግን አውቀዋለሁ።

አፉ በይኝ አልልሽም።

ባድሩ


ሻርጃ፣ ሚያዝያ 14 ቀን 2014 ዓ.ም.

ባድሩ፣

አንብቤዋለሁ።

ለእኔ በወረቀት ነገርከኝ። ለእናቴ በወረቀት አይሆንም፤ ማንበብ አትችልም። በአፍህ ትነግራታለህ። ቃልህን ለሚጠብቁት ሽማግሌዎች፣ መረብ ለጣሉት፣ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ጁምዓ ቆመህ ትነግራቸዋለህ። ከዚያ መንገዱን ስለምታውቀው ትሄዳለህ።

ልሰድብህ ፈልጌ ስድብ አጣሁ። አብረን ነው ያደግነው፤ የማውቀው ስድብ ሁሉ ለአንተ ትንሽ ነው። አንድ ነገር ብቻ ልንገርህ። በዚያ ሁሉ ሰው ውስጥ የምፈልገውን የሚያውቀው አንድ ሰው ነበር፤ እሱም አንተ ነበርክ፤ አንተም ድምፁን ሰምተኸዋል።

አትደውልልኝ። ስታገኘው ጻፍልኝ። ካላገኘኸውም ጻፍልኝ።

ሂንድ


ሐይቅ፣ ግንቦት 8 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለሂንድ፣

አሰላሙ ዓለይኪ። የኑርዬን ድምፅ በስልክ ሰምተሻል፤ ስለዚህ ደህና መሆኑን እኔ አልነግርሽም። ከስቷል፣ አንድ ጥርሱ የለም፣ ጆሮው ትንሽ ያስቸግረዋል። የምጽፈው የጠየቅሽኝን ለመመለስ ብቻ ነው። «መንገድ ላይ ምን ተባባላችሁ? እሱ አልነግርሽ አለኝ» ብለሽ ላክሽብኝ። ከመጀመሪያው ልጀምርልሽ።

ባልሽኝ ጁምዓ ከሶላት በኋላ ተነስቼ ተናገርኩ። ለአንቺ የጻፍኩትን ሁሉ፣ የእፍረቱን ነገር ሳይቀር። ሙዘይን መሀል ላይ ተነስቶ ጫማውን በእጁ ይዞ ወጣ፤ እስከ ዛሬ ሰላም አላለኝም። ሼህ ዘይኑልአቢዲን ሶላቱ ቀርቷል፣ ሰውየው ይፈለግ አሉ። እቴቴ በሴቶቹ በኩል ሆነው ሰምተዋል። ውጭ ጠብቄ እጃቸውን ልስም ጎንበስ አልኩ። እጃቸውን አልነሱኝም፤ አልሰጡኝምም። ነጠላቸውን አስተካክለው በቀስታ ወደ ቤታቸው ሄዱ።

አብሮኝ የሄደው አራጋው ነው፤ ያን ዕለት ይዞን የሄደው ሹፌር። ኬላውን አስታውሶታል። መንገድ ላይ እየነዳ፣ «ያን ዕለት እኮ ከኋላ መስኮቱን መታ ብታደርግ እኔ ወርጄ አውቀዋለሁ እል ነበር፤ የዑምኩልሱምን ልጅ ማን አያውቅም?» አለኝ። ሸራው ሥር እኔ ብቻ እንዳልነበርኩ፣ የሚያውቁት ሰዎች ዙሪያዬን እንደነበሩ ያኔ ነው የገባኝ። ሌላው አልለየውም፤ የለየሁት እኔ ነበርኩ።

መጋዘኑ ባዶ ነው። ወደ ሌላ ግቢ ተዛውረዋል ተባልን፤ እዚያም ሁለት ቀን ተመላለስን። በመጨረሻ አንድ መዝገብ የያዘ ሰው ስሙን አገኘው። ክፉ ሰው አይመስልም። አብረውት ከገቡት ብዙዎቹ በሳምንት በሁለት ሳምንት እንደወጡ ነገረን። እሱም የእናቱን ስልክ ሰጥቷቸው ነበር፤ ቢደወል ቢደወል አይሠራም። የአንቺን የውጭ ቁጥር በቃሉ አያውቀውም። «ወንጀል ተገኝቶበት አይደለም» አለን ሰውየው፤ «ሰው ስላልመጣለት ነው።» እኔና አራጋው ፈረምን።

ኑርዬ ሲወጣ ፀሐዩ ዓይኑን ያዘው። ለይቶኝ መጥቶ አቀፈኝ። «እንደምትፈልገኝ አውቄ ነበር» አለኝ። አራጋው ፊቱን አዞረ። እኔ ያን ጊዜ ልንገረው ይገባኝ ነበር፤ ግን ሰውነቱ በእቅፌ ውስጥ የልጅ ያህል ቀሎ አገኘሁትና አልቻልኩም። ይህንንም ከጥፋቴ ላይ ጨምሪልኝ።

አራጋው ኮምቦልቻ ላይ የሚጭነው ነበረው። እኔና ኑርዬ በአውቶቡስ ቀጠልን። ስለ እናቱ ጠየቀኝ፣ ስለ ላሟ ጠየቀኝ፣ ስለ አንቺ ጠየቀኝ። የአንቺን ፍለጋ ልነግረው ስጀምር አንዱ ነገር ሌላውን እንዳይጎትትብኝ ፈርቼ ተውኩት። ስለዚህ ስለ ድምፁ አያውቅም ነበር። ሲገባ የሃያ ሰው ነገር ነበረች፤ በታሰረበት ወራት ምን እንደሆነች ማን ይነግረዋል?

ቦሩ ሜዳን እንዳለፍን ረዳቱ ከስልኩ ከፈተው። የአያ ሀሚዱ ድምፅ በድምፅ ማጉያው ወጣ፤ ፊልሙ መሀል መብራት የጠፋበት ቦታ ነው። «ሰው አለ?» አሉ። አውቶቡሱ በሙሉ «አለን፣ ይቀጥል!» አለ። ዶሮ የታቀፉ እናት፣ ለፈቃድ የሚመለስ ወታደር፣ ደብተር የያዙ ሴት ልጆች፣ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ፣ ሁሉም።

ኑርዬ ከመቀመጫው ተነሳ። ዞሮ አንድ በአንድ አያቸው። መጀመሪያ ሁሉም የእኛ ቤት ሰዎች መሰሉት፤ ፊቱ በራ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ለሽማግሌው ሰላም አለ፣ እሳቸውም እየሳቁ መለሱለት። ቆይቶ ተቀመጠ። ጥቂት አሰበ። ከዚያ በጣም ቀስ ብሎ፣ ሰው እንዳይሰማ ይመስል፣ «ባድሩ፣ ይኼ ሁሉ ሰው ያን ቀን የት ነበር?» አለኝ።

እኔ መኪናው ላይ ነበርኩ አልኩት። ሁለቱንም ጊዜ እንደሰማሁት ነገርኩት። ለእናቱ ሐይቁ ዳር አየሁት ማለቴንም፣ መረቡንም፣ ሶላተል ጋኢብ ሊሰገድለት እንደነበረም ነገርኩት። ከፊታችን ያሉት ልጆች እየሳቁ የሚቀጥለውን ክፍል አስከፈቱ። እሱ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። የሐይቁ ውኃ እስኪታይ ድረስ መንገዱን አየ። ከዚያ ሳይዞር ጠየቀኝ።

«ለእናቴ ነግረሃታል?»

«ነግሬያቸዋለሁ።»

«ምን አለችህ?»

«ምንም።»

«እንግዲያው እኔም እንደ እሷ ነኝ» አለኝ።

ሌላ አልተባባልንም።

ባድሩ